ዳጣ በቤቴ፦ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ

ዳጣ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ሦስቴ ሞከርኩ። ሁለቱ አልሆኑልኝም፣ ሦስተኛው ግን ደስ ስላለኝ ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

ለማያውቀው፣ ዳጣ ወላይታና ጋሞ የሚታወቁበት እርጥብ ማባያ ነው። ቃሪያ ወይም ቀይ እርጥብ በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከቅመም ጋር ተፈጭቶ ይሠራል። ከቁርጥ ጋር ይበላል፣ ከቆጮ ጋርም። እኔ በተቀቀለ ድንችም እበላዋለሁ።

የመጀመሪያውን በብሌንደር ነው የሠራሁት። አልፈጭ ሲለኝ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨመርኩበት። ወዲያው ላመ፣ መልኩም ያምር ነበር። በሦስተኛው ቀን ውሃው ከታች ድቁሱ ከላይ ሆኖ ተለያየ፣ ላዩም ሻገተ። ሶዶ ተወልደው ያደጉ አንዲት ጎረቤቴ ጋ ይዤው ሄድኩ። በማንኪያ አንስተው አዘነበሉትና ሲንጠባጠብ አዩት። «ውሃ ጨመርሽበት አይደል? ልጄ፣ ቃሪያው እኮ የራሱ ውሃ አለው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የማስበው ይቺን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን በሙቀጫ ደቆስኩት፣ ጠብታ ውሃ የለውም። ግን ጤና አዳሙን በእፍኝ ጨመርኩበትና መረረ። ሌላውን ጣዕም ሁሉ ዋጠው።

ሦስተኛው ላይ ሚዛን አወጣሁ። 500 ግራም ቃሪያ፣ 100 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ 50 ግራም ዝንጅብል። ቃሪያውን ከነጭራው አጥቤ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ አሳደርኩት፣ ምክንያቱም ጭራው አስቀድሞ ከተቆረጠ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ጠዋት ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን መጀመሪያ ከጨው ጋር ደቆስኩ። ጨው ውሃቸውን ያወጣዋል፣ ዘነዘናውም ሥር አይንሸራተቱም። ከዚያ ቃሪያውን ከትፌ በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ። በመጨረሻ በሶብላ፣ የአራት ኮረሪማ ፍሬ፣ ትንሽ የታመሰ ድንብላል፣ ጤና አዳም ደግሞ ሁለት ትንንሽ ቅንጣቢ ብቻ። ሁሉም ተደምሮ 700 ግራም ገደማ መጣ። ጨው 18 ግራም ነው የገባበት፣ ከመቶ ሁለት ተኩል ማለት ነው። ክንዴ ዝሎ ነበር፣ ግን ድቁሱ ሻካራ ሆኖ ማንኪያው ላይ ቁጭ ሲል ሳየው ድካሙን ረሳሁት።

አፉ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጠቅጥቄ ከላይ ክፍተት ትቼለት ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ከፍቼ በደረቅ ማንኪያ ወደ ታች እጫነዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠርዙ ላይ ትንንሽ አረፋ ታየ። በሦስተኛው የነጭ ሽንኩርቱ ቁጣ በረደና ደስ የሚል የመኮምጠጥ ሽታ መጣ። እርጎን የሚያኮመጥጡት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው ይሄን የሚሠሩት። በአራተኛው ቀን ፍሪጅ ገባ።

አንድ ነገር አስደንግጦኝ ነበር። የነጭ ሽንኩርቱ ቁርጥራጮች ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ተቀየሩ። ተበላሸ ብዬ ልደፋው ስል አጣራሁ፣ ለካ ነጭ ሽንኩርት ኮምጣጣ ነገር ሲያገኘው እንዲህ ይሆናል፣ ጉዳት የለውም። ሻጋታ ካያችሁ ግን ሙሉውን ድፉት፣ ላዩን ብቻ ገፍፋችሁ አትብሉ።

ዘይት ከላይ አፍስሳችሁ ውጭ የምታስቀምጡ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ተዉት። ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ተዘፍቆ ከፍሪጅ ውጭ ሲቆይ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። እኔ ዘይቱን ሲቀርብ ነው ሳህኑ ላይ ጠብ የማደርገው።

እጅ ሲያቃጥል ውሃ ብቻውን ምንም አያደርግም። መጀመሪያ ዘይት እቀባለሁ፣ ከዚያ በሳሙና እታጠባለሁ።

ቀጣዩን በቀይ እርጥብ በርበሬ ልሠራው ነው። የሚያቃጥለው በብዛት ያለው ፍሬው ላይ ሳይሆን ፍሬውን የያዘው ነጩ ሥጋ ላይ ስለሆነ፣ ከግማሹ በርበሬ ነጩን አውጥቼ ለእህቴ ልጆች የሚሆን ለዘብ ያለ ዳጣ ይወጣው እንደሆነ አያለሁ። በቀይ የሠራችሁ ካላችሁ ስንት ቀን እንዳስቀመጣችሁት ንገሩኝ፣ ቅዳሜ ነው የምጀምረው።