የለገጣፎው ኸርስት

የጋዜጣችን ባለቤት ብሎኬት አምራች ነበሩ። ጋዜጣ የከፈቱት የማስታወቂያ ክፍያ አንገብግቧቸው ነው ይባላል። አይፈረድባቸውም፤ አሜሪካዊው የጋዜጣ ከበርቴ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስትም ጋዜጣ ውስጥ የገባው በአባቱ የማዕድን ገንዘብ ነው።

ኸርስትን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ማታ ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል ለገጣፎ ወደሚያሠሩት ቪላ አስጠሩኝ። እብነ በረድ መቁረጫው ይጮኻል፤ እሳቸው ከሱ በላይ ይጮኻሉ።

"የፊት ገጹን ቀይር። 'የእነ እንትና ፋብሪካ ሊዘጋ ነው' በል።"

እንትና ተፎካካሪያቸው ነው።

"ጋሼ፣ ማስረጃ የለንም እኮ።"

"ኸርስት አሜሪካንን ከስፔን አዋግቷል! አንተ አንድ ርዕስ ያቅትህ?"

ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። "ጦርነቱን እኔ አመጣለሁ" ብሎ ላከ የሚባለውን ቴሌግራም እስከ ዛሬ ያገኘው የለም፤ ኸርስትም አስተባብሏል። እ.ኤ.አ. በ1898 ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኩባ፣ ሀቫና ወደብ ላይ ስትፈነዳ ጋዜጣው ነገሩን አራገበ እንጂ ኩባ ከ1895 ጀምሮ ከገዢዋ ከስፔን ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ይህን ሁሉ አስረዳሁ። ስልካቸውን እየነካኩ ነው።

በኪሳቸው መጣሁባቸው። "ጋሼ፣ ሰውየው በ1937 ዕዳ አንቆት ድርጅቱን ሌሎች ተረከቡት። ከየአገሩ የሰበሰበው ቅርስ ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ ገብቶ ተቸበቸበ።"

ስልኩን አስቀመጡ።

"ቤቱስ?"

"የቱ ቤት?"

"ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሲሜዮን ተራራ ላይ ሲገነባው የኖረው።"

ለካ አንብበዋል! "እሱማ አለ። በ1951 ሞተ፤ በኋላ ቤቱ ለመንግሥት ተሰጠ። አሁን ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ ነው የሚገባው።"

"በቲኬት!" አሉ። ዞር ብለው ግንበኛውን ደረጃውን ሰፋ እንዲያደርገው አዘዙት።

ርዕሱ ወጣ። ተከራክሬ ያስገባሁት ጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፦ "ሊዘጋ ነው?" ያኔ ለግል ጋዜጣ ጥያቄ ምልክት የጠበቃ ያህል ነበር። ለምን ሥራህን አልለቀቅህም የሚለኝ ካለ፣ አከራዬን ያነጋግር።

በሳምንቱ ፋብሪካው በሙሉ አቅሙ እየሠራ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። ሙሉ ገጽ፣ በከለር። ጋሼ ደረሰኙን ራሳቸው ቆረጡ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብለው፣ "ደውልለትና ለሚቀጥለው ሳምንትም ቦታ አለን በለው" አሉኝ።