ከአካባቢ የልማት ትስስር የተጠቀምኩት በካርቶን ጀምሬ ነው

በአካባቢ የኢኮኖሚ ልማት ትስስር (የአንድ አካባቢ ድርጅቶች በአስተባባሪ አማካይነት የሚገናኙበት ስብስብ) አባል ሆኖ ምንም ያላገኘ ነጋዴ ብዙ ነው። ስብሰባ ሄዶ፣ ስልክ ተለዋውጦ መመለስ ብቻውን ገበያ አያመጣም። እኔ ከስብሰባው በፊት የ12 ወር የግዢ ደረሰኞቼን ሰብስቤ የምገዛውን ዕቃ፣ የወር መጠኑን፣ የማዝበትን ጊዜና ዕቃው የሚመጣበትን ቦታ ጻፍኩ። ከሥሩ ሥራ ፈቶ የሚቆመውን አሰፈርኩ፤ ግማሽ ቀን የማይሠራ ማሽን፣ ባዶውን የሚመለስ መኪና። አስተባባሪው ሰውን ከሰው ማገናኘት የሚችለው እንዲህ ያለ ዝርዝር በእጁ ሲኖር ነው። የመሸጫ ዋጋዬን ግን አላካተትኩም። አባላቱ ተፎካካሪዎችም ስለሆኑ በመሸጫ ዋጋ መስማማት በብዙ አገሮች የውድድር ሕግ ያስቀጣል።

ለመጀመሪያ የጋራ ግዢ ሁሉም የሚጠቀምበት፣ ማንም ግን የማይፎካከርበት ዕቃ ይመረጥ። ለእኛ ማሸጊያ ካርቶን ነበር። ፋብሪካው ማሽኑን ለ500 ካርቶንም ለ5,000 ካርቶንም ያው አንዴ ያዘጋጃል፤ የዋጋ ቅናሹ የሚመጣው ከዚያ ነው። ኅትመት ከተጨመረ ለእያንዳንዱ ድርጅት የተለየ የኅትመት ፕሌት (ጽሑፉና ሥዕሉ የተቀረጸበት ማተሚያ ሰሌዳ) ስለሚያስፈልግ ቅናሹ ይጠፋል። ስለዚህ ያልታተመ አዝዘን እያንዳንዱ የራሱን መለያ ይለጥፋል።

ስህተቱ የመጣው ከልኬት ነው። አንዱ የካርቶኑን የውጭ ልክ ሰጠ፣ ሌላው የውስጡን። ባለ 5 ንብርብር ካርቶን ግድግዳው ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ሁለቱ ወገን ሲደመር ከ12 እስከ 14 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በውጭ ልክ የታዘዘው ካርቶን ውስጥ ጠርሙሱ ትከሻው ላይ ተቀርቅሮ አልገባ አለ። አሁን ትእዛዙ ላይ ሦስቱ የውስጥ ልኮች በሚሊ ሜትር፣ የንብርብሩ ቁጥርና የሚሸከመው ክብደት ይጻፋሉ፤ አንድ ናሙናም በእውነተኛው ዕቃ ተሞልቶ ሳይታይ አይፈረምም። የውጭ ልኩ 400 በ300 ከሆነ በ1200 በ800 ሚሊ ሜትር ፓሌት (ዕቃ ተደርድሮ የሚጫንበት መደብ) ላይ በአንድ ረድፍ 8 ይደረደራል፤ ጭነት ለሚጋሩ ድርጅቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ገንዘቡ ላይ ጨከን ማለት ያስፈልጋል። ግማሹን ቀብድ በቀነ ገደቡ ያላስገባ ለቀጣዩ ዙር ይቆያል፤ ወዳጅነት እዚህ ቦታ የለውም። ሻጩ ለእያንዳንዱ አባል በየስሙ ደረሰኝ ይቁረጥ። አንዱ ለሁሉም ገዝቶ ካከፋፈለ እንደገና እንደ ሸጠ ስለሚቆጠር ግብሩም ኃላፊነቱም እሱ ላይ ይወድቃል።

በጋራ ጨረታ መግባት ከዚህ በኋላ ይምጣ። አብረው በፈረሙበት ውል አንዱ ቢያጓድል ገዢው ሌላውን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ማን ምን ያህል እንደሚያቀርብና ቢጎድል ማን እንደሚሞላ ዋጋ ከመሰጠቱ በፊት በጽሑፍ ይለይ።

ከዘርፌ ውጭ ካሉ አባላት ጋር መቀመጥም ጠቅሞኛል። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እንዳሳየው አዲስ ወሬ የሚመጣው ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ ከሩቅ ትውውቅ ነው፤ የቅርቡ የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለንና።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። የካርቶን ፋብሪካዎች ከታዘዘው እስከ 10 በመቶ አብልጠው ወይም አሳንሰው ማምረታቸው የተለመደ ነው። ትርፉን ማን እንደሚወስድ፣ ጉድለቱስ ከማን ድርሻ እንደሚቀነስ መኪናው ደጅ ከመቆሙ በፊት ተስማሙ።