አንድ እሸት

ቅዳሜ ጠዋት የእህቴን ልጆች ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ማሙሽና ሚጣ ነው የምንላቸው፤ እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እሷ ስድስት። መስቀል ካለፈ ሳምንቱ ነበር፤ ዝናቡ ገና ጠቅልሎ አልወጣም።

ከስድስት ኪሎ በተሳፈርንበት ታክሲ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ማሙሽ ነው። ሚጣ ስታኮርፍ «እስከ ሽሮ ሜዳ እኔ፣ ዳገቱን አንቺ» አላት። ሽሮ ሜዳ ወርደን ሌላ ታክሲ ስንይዝ ቃሉን ያስታወሰው ሰው የለም፤ ራሱ «ግቢ» ብሎ አስቀደማት። መንገዱ የሚያምረው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ይላል፣ በየጥምዝምዙ ከተማዋ ከታች ብቅ ትላለች፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ሚጣ ያየችውን ሁሉ ዞር እያለች ትነግረው ነበር።

እንጦጦ ማርያምን ተሳለምን። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚህ እንደሆነ ስነግራቸው ማሙሽ «ያኔም እንዲህ ይበርድ ነበር?» አለኝ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱ እውነትም አጥንት ሰብሮ ይገባል።

ከቅጥሩ ወጣ ብሎ አንዲት እናት ከሰል ላይ በቆሎ ይጠብሳሉ። ደመናው ስለከበደ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል።

«እማማ፣ ሦስት ይስጡን።»

«አለቀ የኔ ልጅ፤ ይቺው አንዷ ናት የቀረችው።»

አንዷን ተቀብዬ ለማሙሽ ሰጠሁት። እፍ እፍ እያለ አመዱን አራገፈና ጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰበራት። ወፍራሙን ወገን ለሚጣ ሰጥቶ ጫፉን፣ ፍሬው ደቃቅ የሆነውን፣ ለራሱ ያዘ።

ሚጣ ግን የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም። በጎን በኩል ሞከረች፣ አዙራ ሞከረች፣ ከዚያ ዝም ብላ ያዘችው። ማሙሽ ድርሻዋን ከእጇ ሲወስድ ሊቀማት መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ። እሱ የመጀመሪያውን መስመር በጥፍሩ አንድ በአንድ ነቀለ፤ ያ ክፍት ከሆነ በኋላ ሌላውን በአውራ ጣቱ እየገፋ መዳፏ ላይ ይፈለፍልላት ጀመር። ያረረውን እየለየ ለራሱ፣ ወርቃማውን ለእሷ። የእሱ ግማሽ ጉልበቱ ላይ ሆኖ ቀዘቀዘ። የቀዘቀዘ የበቆሎ ጥብስ እንዴት እንደሚጠነክር የበላ ያውቀዋል።

እኔና እናታቸው ልጆች ሳለን ዳቦ ስንካፈል ሕግ ነበረን፤ እናታችን ናት ያወጣችው። አንዷ ትቆርሳለች፣ ሌላዋ ትመርጣለች። ትልቁ ቁራሽ እንዳያመልጠኝ ስል በዓይኔ እለካ የነበረው ዛሬም ትዝ ይለኛል። ይህ ልጅ ግን ትልቁን የሰጣት ሕግ አስገድዶት አይደለም፤ የማየውም አልመሰለውም። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሚጣ መዳፏ ሲሞላ አንዷን ፍሬ አንስታ አፉ ውስጥ ከተተችለት። ሊስቅ ሲል ሁለተኛዋን አስከተለች፦ «አንድ ያጣላል!» አያቷ ስታጎርሳት የምትላትን ነው።

ዝናቡ ጣለ። ሮጠን ታክሲ ውስጥ ገባን። አሁን መስኮቱን ሚጣ ለቀቀችለት፤ እሱ ግን ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ እንቅልፍ ጣለው። እሷ ከሹራቧ ኪስ የሆነ ነገር እያወጣች ጭኗ ላይ ትደረድራለች። በቆሎ ነው። የሹራቡ ክር የተጠመጠመባቸው አሥራ አንድ ፍሬዎች።

ትከሻውን ነቀነቀችው። «ለእማዬ ስንት ይበቃታል?»

ዓይኑን ሳይገልጥ «ሁሉንም ስጫት» አላት።