እንትኑን አቀብለኝ

ቅዳሜ ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር ቲያትር አይተን መጣን። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ መቶ ሰው እንኳ አይይዝም። የፊተኛው ረድፍ ላይ ስለተቀመጥን እግራችንን ብንዘረጋ የመድረኩን ምንጣፍ እንረግጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሊት በደንብ አልተኛሁም፤ ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቲያትሩ የኤሚ ሄርዞግ «4000 ማይል» ነው። መጀመሪያ የታየው እኤአ በ2011 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ በ2013 ደግሞ ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። ሊዮ የሚባል የ21 ዓመት ልጅ ከሲያትል በብስክሌት ተነስቶ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጥና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአያቱ ቤት ይደርሳል። አያቱ ቬራ 91 ዓመቷ ነው፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ኒውዮርክ፣ ግሪንዊች ቪሌጅ የሚባል ሰፈር ውስጥ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አብሮት ጉዞ የጀመረው የልብ ጓደኛው መንገድ ላይ ሞቷል። ሊዮ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ አይልም። ለአጭር ጊዜ ብሎ የመጣው ልጅ እዚያው ሳምንታት ይቆያል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው።

ቬራ በሩን ስትከፍት ጥርሷን አላደረገችም። አፏን በመዳፏ ሸፍና ነው የምታናግረው። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ወዲያው አያቴ እማማ ትዝ አሉኝ። እማማ ጥርሳቸውን ሳያደርጉ እንግዳ ከመጣባቸው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ነበር «ግቡ፣ ግቡ» የሚሉት። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሃያኛ ረድፍ ላይ ብቀመጥ ኖሮ ያቺን እጅ እንዴት አያታለሁ? እንዲህ ዓይነት ቲያትር ለትንሽ ቤት የተፈጠረ ነው። አንድ ሶፋ፣ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ አራት ተዋንያን። ሌላ ምንም የለም።

ቬራ ቃል ይጠፋባታል። ዓረፍተ ነገሩን በቁጣ ትጀምረዋለች፣ መሃል ላይ ስትደርስ የምትፈልገው ቃል የለም፣ እጇን እያወናጨፈች «ያ... ያ ነገር...» ትላለች፣ ቃሉ እምቢ ሲላት ቁጣዋ ከሊዮ ወደ ራሷ ይዞራል። እንግሊዝኛው ለዚህ ረጅም አባባል ነው ያለው። እኛ አንድ ቃል ይበቃናል፦ እንትን። እማማ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ግማሹን ቤት በእንትን ነበር የሚያስተዳድሩት። «እንትኑን አቀብዪኝ፣ እንትኑ ላይ ነው፣ እንትና ያመጣችው።» እኔ ደግሞ ይገባኝ ነበር! ሄጄ የቡና መቁያውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጄ አመጣላቸው ነበር። አራት ወር ጉለሌ ቤታቸው ስኖር የተማርኩት ትልቁ ነገር የትኛው እንትን የቱ እንደሆነ ማወቅ ነው። ሊዮም ቀስ በቀስ እዚያ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ቬራ ቃሉን ስታጣ እሱ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። አይሞላላትም፣ አይቸኩልም። ተዋናዩ ያቺን ዝምታ እንዴት እንደያዛት ልነግራችሁ አልችልም።

የወደድኩት ነገር ቬራ «የምታሳዝን አሮጊት» አለመሆኗ ነው። ትነጫነጫለች። ትጠረጥራለች። የሊዮን የሴት ጓደኛ ፊት ለፊት ትተቻለች። ከፊት ለፊቷ ካለችው ጎረቤቷ ጋር ብዙም አይዋደዱም፣ ግን ማታ ማታ በተራ ይደዋወላሉ፤ አንዳቸው ሞተው ሳይታወቅ እንዳይቀሩ። እኛ አገር አያት በተውኔትም በፊልምም ብዙ ጊዜ ምርቃት ሰጪ ናት። ትመጣለች፣ ትመርቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሄዳለች። እማማም በእርግጥ መርቀውኛል። ግን ደግሞ መብራት አበዛሽ ብለው ሦስት ቀን አኩርፈውኛል፣ ፀጉርሽን ለምን ቆረጥሽው ብለው በእንግዳ ፊት ተቆጥተውኛል፣ በሬዲዮ ዜና ላይ ከማንም ጋር ይከራከሩ ነበር። ሙሉ ሰው ነበሩ። ሄርዞግ ቬራን የቀረጸቻት ከገዛ አያቷ ነው፤ ያስታውቃል። ሰው የሚወደውን ካልሆነ በቀር እንዲህ እስከ ጉድፉ ድረስ አያየውም።

አንድ ትዕይንት ላይ ግን ከአዳራሹ ጋር መሳቅ አልቻልኩም። ቬራና ሟቹ ባሏ ኮሚኒስት ነበሩ። ሊዮ ማታ ቤት ይዟት የመጣ አማንዳ የምትባል ትውልደ ቻይና ልጅ አለች፤ ደስ የምትል፣ ሞቅ ያላት፣ ለፍላፊ። የማን ቤት ውስጥ እንዳለች ስታውቅ መንፈሷ ይለወጣል፤ ለእሷ ቤተሰብ ኮሚኒስት ማለት ሌላ ነገር ነው። ትዕይንቱ አስቂኝ ነው፣ በደንብ የተጻፈ ነው። ሰዉ ከልቡ ሳቀ። እኔና የአክስቴ ልጅ ግን ተያየን። የእማማ ትልቁ ልጅ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ነው የሞተው። ፎቶው ከአልጋቸው ራስጌ ወርዶ አያውቅም። የሚገርመው ገዳዮቹም ሟቹም ማርክስን ያነቡ ነበር። እማማ እንደ ቬራ ያለች ሴት ቢያገኙ ምን ይሏት ነበር? ሳስበው ቡና ያፈሉላት ነበር። መጀመሪያ ዝም፣ ሁለተኛው ላይ ጥያቄ፣ ሦስተኛው ላይ ልቅሶ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ከእንቅልፌ ያጣላኝ እሱ ነው።

መብራቱ ይጠፋል። ሌሊት ነው፣ ሊዮና ቬራ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሊዮ ለማንም ያልተናገረውን ለመጀመሪያ ጊዜ ይናገራል፤ ጓደኛው እንዴት እንደሞተ፣ እሱ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ። ረጅም ነው። አዳራሹ ውስጥ ማንም አይተነፍስም። ይጨርሳል። ቬራ ዝም። ከዚያ የመስሚያ መሣሪያዋን እንዳላደረገች፣ ብዙውም እንዳልተሰማት ትነግረዋለች።

ሳቁ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬም አብሮ መጣ። ምክንያቱም ይሄ በእኔም ደርሷል። ያኔ እማማ ቤት የሄድኩት ሰው ሞቶብኝ ነበር። ማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ፣ ሻማውም አልቆ፣ እሳቸው መደባቸው ላይ፣ እኔ መሬት ፍራሽ ላይ ሆኜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ቀስ ያለ ማንኮራፋት ሰማሁ። ያን ጊዜ አልተከፋሁም፣ እንደውም ቀለለኝ። ጠዋት ግን ፍራሼ ላይ የእሳቸው ጋቢ ነበር። መቼ እንደተነሱ አላውቅም። ምን ያህሉን እንደሰሙ አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አንስተውት አያውቁም።

ሌላው መጨረሻ አካባቢ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ጎረቤቷን በደንብ አስታውሷት ብቻ።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያውን ትዕይንት ለራሴ ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሬያለሁ። የሚታይ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ደስ ስላለኝ ነው። የጠፉት ቃላት ሁሉ በእንትን እየተተኩ ገጹ ሮጠልኝ። የያዘኝ ሌላ ነው። እንግሊዝኛው አንድ «ዩ» ብቻ አለው። ሊዮ አያቱን «አንቺ» ይላታል ወይስ «እርስዎ»? የአክስቴ ልጅ፣ ሊዮ አሜሪካ ያደገ ስለሆነ ከመጀመሪያው «አንቺ» ነው አለችኝ። እኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ለቆመው ልጅ «እርስዎ» ሰጥቼዋለሁ። ታዲያ የትኛው መስመር ላይ ነው ወደ «አንቺ» የሚዞረው? ሁለት ቀን ሳስብ ነበር። ከጨለማው ትዕይንት በኋላ፣ መሣሪያዬን አላደረግሁም ስትለው፣ እዚያ ላይ አድርጌዋለሁ። «አልሰማሽኝም?»