ማርሚታው የሚንጣጣ ያገለገለ ሞተር ሳይክል፦ ካርቡሬተሩ መጨረሻ ይነካ

ነዳጅ መስጫ እጀታው ሲመለስ ማርሚታው ጧ ጧ የሚል ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነካው ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። በጭስ ቱቦው መገጣጠሚያ አየር እየገባ ካርቡሬተሩን ብታወፍሩት፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር ነዳጁን ብታበዙት፣ ድምፁ ሊቀንስ ይችላል። ቀዳዳው ግን እዚያው ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ነዳጅ የሚበላና ካንዴላ የሚያጠቁር ሞተር ይተርፋችኋል።

እጀታው ሲዘጋ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ በጣም ትንሽ ነው፤ እሱም ከቀደመው ዙር ከቀረው ጭስ ጋር ይደባለቃል። ድብልቁ ከሳሳ፣ ማለትም ነዳጁ ካነሰ፣ ካንዴላው ብልጭ ቢልም አይያያዝም። ያልተቃጠለው ነዳጅ እንዳለ ወደ ጋለው ቱቦ ይወጣል፤ እዚያ አየር ካገኘ ቀጥሎ የሚመጣው ትኩስ ጭስ ያቀጣጥለዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ነዳጁ ለምን ሳይቃጠል ወጣ? አየሩስ ከየት ገባ?

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት መቼ እንደሚንጣጣ ለዩ። እጀታው ተዘግቶ ሞተሩ በማርሽ ሲይዝ ተከታታይ ትንንሽ ድምፅ ካለ፣ ወይ ድብልቁ ሳስቷል ወይ አየር ይገባል። ነዳጅ ተሰጥቶት ሲጎትት አልፎ አልፎ አንድ ትልቅ ፍንዳታ ካሰማ የእሳት መቆራረጥ ነው፤ የካንዴላ ቆብ፣ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው መጠምጠሚያ)፣ የዛገ ማጥፊያ ማብሪያ ወይም የላላ ገመድ ይታይ። ድምፁ ከካርቡሬተሩ በኩል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ከዚህ ጋር አታምታቱት። የሰፋ ማርሚታ የተገጠመለት ሞተር እጀታው ሲመለስ ትንሽ ቢያጉረመርም ግን ብልሽት አይባልም።

መጀመሪያ የጭስ ቱቦው ይፈተሽ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ይነሳ፤ ብረቱ ከጋለ ሰፍቶ ትንሽ ክፍተትን ሊደፍን ይችላል። በወፍራም ጓንትና በጨርቅ የማርሚታውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ አፍኑ። ቱቦው ደህና ከሆነ ግፊቱ እጃችሁን ይገፋል፣ ሞተሩም ሊጠፋ ይቃጣል። የሚያፈስ ከሆነ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) አጠገብ ወይም ማርሚታው ከቱቦው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ትስ ትስ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለ የጥላሸት ጭረትም ያው ማስረጃ ነው።

ቴስታታው ላይ ያለው ቀለበት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ቅርጽ የሚይዝ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ተፈትቶ ሲመለስ በትክክል አይገጥምም፤ ስለዚህ ቱቦው በተፈታ ቁጥር አዲስ ይግባ። አሮጌው ቀለበት እዚያው ተጣብቆ ሊቀር ስለሚችል በባትሪ መብራት አይታችሁ አውጡት፤ በላዩ ሌላ ከተደረበ ቱቦው ተጣሞ ይገባል። ዳዶዎቹን ሁለቱንም በእጅ አስጀምሩ፣ ከዚያ ግማሽ ግማሽ ዙር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው ቀለበቱን በአንድ ጎን የሚጨፈልቀው። የዛገ ዳዶ ካለ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ቀድሞ ይረጭና ይደር፤ ስቱዱ (ዳዶው የሚጠብቅበት ጥርስ ያለው ዘንግ) ቴስታታው ውስጥ ከተሰበረ ሥራው ሌላ ይሆናል።

ቀጥሎ፣ ሞተሩ ጭሱን ለማጥራት ንጹሕ አየር ወደ ጭስ መውጫ የሚልክ ሥርዓት ካለው፣ ከአየር ፊልትሮ ሳጥን ወደ ቴስታታው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈልጉ። እጀታው ሲዘጋ አየሩን መቁረጥ ያለበት ቫልቭ ከተበላሸ፣ ወይም ቫልቩን የሚስበው ቀጭን ቱቦ ከተሰነጠቀ፣ መንጣጣቱ አይቀርም። ቱቦውን ለጊዜው ደፍናችሁ ንዱት፤ ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ ተገኘ።

አሁን የመግቢያው በኩል። በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል ያለው ጎማ በእድሜ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ጎማው ሲታጠፍ እንጂ እንዲሁ ሲታይ አይታወቅም። ሞተሩ በሚኒሞ (እጀታው ሳይነካ በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ በጎማው ዙሪያ ውሃ በስሱ ርጩ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር እየሳበ ነው። የካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ቱቦ አጠገብ ስለሚቀጣጠል አልመክርም።

የቫልቭ ክፍተት (በቫልቩ ጫፍና በሚገፋው ክፍል መካከል ያለው) ከዚህ በኋላ ይለካ፣ ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ፒስተኑ በመጭመቂያው ዙር ላይ ጫፍ ሲደርስ። ትክክለኛው ቁጥር የሞተሩ መመሪያ ላይ ያለው ነው፤ በብዙ ትንንሽ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። የጭስ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ድብልቁም ያመልጣል። ሻጩ «ሞተሩ ቫልቭ አይሰማም» ብሎ ካሞገሰው ይህን መለካት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የጠበበ ክፍተት ድምፅ አያሰማምና።

እስከዚህ ሁሉ ደህና ከሆነ ካርቡሬተሩ ይከፈት። ከመክፈት በፊት ግን አንድ ፈተና አለ፦ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቾኩን (ለቀዝቃዛ ማስነሻ ድብልቁን የሚያወፍረውን) ትንሽ ስባችሁ ንዱ። መንጣጣቱ ከቀነሰ ድብልቁ ሳስቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የሚኒሞው ጄት (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ናስ) ነው፤ ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ቆሞ የከረመ ቤንዚን የሚተወው ሙጫ ይዘጋዋል። በማጽጃ ዘፍዝፋችሁ በአየር ንፉት፣ ወደ ብርሃን አቅንታችሁም ቀዳዳው ፍጹም ክብ መሆኑን እዩ። ሽቦ አይግባበት፤ ናስ ለስላሳ ነውና ቀዳዳው ይሰፋል። በአንዳንድ ካርቡሬተሮች ጎን ላይ እጀታው ሲዘጋ ድብልቁን የሚያወፍር ትንሽ ዲያፍራም (ስስ የጎማ ሽፋን) አለ፤ ከተቀደደ ጄቱ ንጹሕ ሆኖም ሞተሩ ይንጣጣል።

የድብልቅ ብሎኑን ከማውጣታችሁ በፊት በቀስታ እስኪቀመጥ አስገቡና ስንት ዙር እንደሆነ ጻፉ። ብሎኑ ከሞተሩ በኩል ካለ ብዙውን ጊዜ ነዳጅ የሚለካ ነው፤ ሲወጣ ያወፍራል። ከአየር ፊልትሮው በኩል ካለ አየር የሚለካ ነው፤ ሲወጣ ያሳሳል። አንድ ተኩል ዙር ላይ ጀምሩ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሩብ ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሚኒሞው ከፍ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከዚያ በሚኒሞ ብሎኑ አውርዱት። ነዳጅ የሚለካው ብሎን ከሦስት ዙር በላይ ካልወጣ የማይስተካከል ከሆነ ጄቱ አሁንም ተደፍኗል ወይም ቁጥሩ አንሷል። የቀድሞው ባለቤት ማርሚታ ወይም ፊልትሮ ቀይሮ ጄቱን እንደነበረ ከተወው ደግሞ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ጄት ይግባ።

በኢንጀክሽን (ያለ ካርቡሬተር፣ ነዳጅ በኮምፒውተር ትእዛዝ እየተረጨ) የሚሠራ ሞተርም ከጭስ ቱቦው ይጀመራል፤ እዚያማ የባሰ ነው። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ያለ ቀዳዳ አየር ሲያስገባ ሴንሰሩ ድብልቁ ሳስቷል ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግራል፣ እሱም ያለ ምክንያት ነዳጅ ይጨምራል። ያ ትርፍ ነዳጅ ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ ሲቃጠል ውስጡን ሊያቀልጠው ይችላልና፣ ድምፁን ታግሶ መንዳት አያዋጣም።