ፓርከርስ ፒስ ሣር ላይ

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ቀጥታ ቤት መግባት አላሰኘኝም። ካምብሪጅ መሀል ያለው ፓርከርስ ፒስ ሜዳ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። አጥር የለውም። የእግረኛ መንገዶች በሰያፍ ያቋርጡታል፤ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አንድ የመብራት ምሰሶ ቆሟል። ሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳቸውን ደራርበው የክሪኬት ዊኬት፣ ማለትም ወርዋሪው በኳስ የሚያነጣጥርበት ዒላማ፣ አድርገውታል። አንዷ በቴኒስ ኳስ ትወረውራለች፣ ወንድሟ መሰለኝ፣ እሱ ይመታል።

ስለ ድሮው የዩኒቨርሲቲ ክሪኬት ሲወራ ሁሌ የሚነሳው በፈረንጆቹ 1827 ለንደን ባለው የሎርድስ የክሪኬት ሜዳ ላይ የተደረገው የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ግጥሚያ ነው። ዝናብ አቋረጠውና በአቻ ተለያዩ። እኔን ግን የሚስበኝ እዚህ ሣር ላይ የሆነው ነው።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክሪኬት ክለብ የተመሠረተው በ1820 ነው። የከተማው ሰው ደግሞ የራሱ ጠንካራ ክለብ ነበረው። በ1830ዎቹ ሁለቱ እዚሁ ሜዳ ላይ ይገጥሙ ነበር። የሀብታም ልጅና ባለሱቅ ፊት ለፊት! የመምቻውን ዱላ ይዞ ለቆመ ተማሪ የወርዋሪው አባት ማን ይሁን ማን ምን ያደርግለታል? የምትመጣውን ኳስ መመለስ አለበት። ይሄን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ከከተማው ተጫዋቾች አንዱ ፍራንሲስ ፌነር ነው። ሥራው ትንባሆ መሸጥ ነበር። ፓርከርስ ፒስ የሕዝብ ሜዳ ስለሆነ ማንም ሰው በመሀሉ ያልፋል። ፌነር እዚሁ አቅራቢያ ቦታ ተከራይቶ ሜዳ አዘጋጀ፤ ከ1848 ጀምሮም ዩኒቨርሲቲው ይጫወትበት ጀመር። ሜዳው ዛሬም በስሙ ፌነርስ ይባላል። ተማሪዎቹ ግን ከዚህ ክፍት ሣር እየራቁ ሄዱ። እኔ ያ መራራቅ ያሳዝነኛል።

የክሪኬት ተጫዋቹ ጃክ ሆብስ በ1882 እዚሁ ካምብሪጅ ተወለደ። አባቱ ፌነርስ ውስጥ ለሚለማመዱ ተማሪዎች ኳስ እየወረወረ ይከፈለው ነበር። ልጁ ግን ጨዋታውን ያዳበረው እዚህ፣ ማንም በሚገባበት ሜዳ ላይ ነው። ለእንግሊዝ 61 የቴስት፣ ማለትም አገር ከአገር የሚገጥምበት፣ ግጥሚያ ተጫወተ፤ በ1953 ደግሞ ሰር ተባለ። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ልጆች ሲወረውር የዋለው አባት ማታ ክንዱን እያሻሸ ቤቱ ሲገባ ይታየኛል። ለልጁ የሚሆን ጉልበት ይተርፈው ይሆን?

መሽቷል። የምሰሶው መብራት በርቷል። ልጆቹ ቦርሳቸውን ገና አላነሱም።