ፍንጭቴን የት ጣልኳት

እናቴ ዐሥር ዓመት የጠበቀችውን ልጇን ስታይ እልል አለች፣ አለቀሰች፣ አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና አፌን ትኩር ብላ እያየች፣ “አንተ ልጅ፣ ፍንጭትክን የት ጣልካት?” አለችኝ።

ጥር 2015 ነበር፤ ጥምቀት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው። ከደብረ ብርሃን ተነስተን ታርማበር ላይ የደሴውን መንገድ ለቀን ወደ መንዝ ታጠፍን፣ መዘዞንና ሞላሌን አልፈን መሐል ሜዳ ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በመንገዱ ሁሉ የማስበው እናቴ ጥርሴን አይታ ምን ያህል እንደምትደሰት ነበር። ያንን ጥርስ ለማስተከል ከዓመት በላይ ተመላልሻለሁ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ደግሞ ዕዳ ከፍዬበታለሁ።

ፍንጭቷ የእሷ ናት። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ “እኔ እናንተን የወለድኩት በእናታችሁ ፍንጭት ተይዤ ነው” ይል ነበር። ከአምስት ልጆቿ ፍንጭቷን የወረስኩ እኔ ብቻ ነኝ። በግ ስጠብቅ የክብሪት እንጨት እሰካባት ነበር፤ በእሷ በኩል ውሃ ተፍቼ ሩቅ በማድረስ የሰፈሩን እረኛ ሁሉ እበልጥ ነበር።

የጠፋችው ሊቢያ ነው፣ በ2006። ገንዘብ እስኪላክልን የተቆለፈብን መጋዘን ውስጥ አንዱ ጠባቂ በሰደፍ መታኝ። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቼ ተሰብረው ሥራቸው ድዴ ውስጥ ቀረ። ስለዚያ ቦታ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ስዊድን ገብቼ ጥገኝነት ስጠይቅ የሚታከምልኝ አስቸኳይ የሆነ ሕመም ብቻ ነበር። ሥሮቹ መግል ይዘው ስለነበር ነቀሉልኝ። ክፍተቱ ግን አስቸኳይ አይደለም፤ እውነታቸውን ነው፣ በክፍተት የሞተ የለም። እኔ ግን እጄን አፌ ላይ ሳላደርግ መሳቅ ተውኩ። በዚያ ላይ “ፍ” የምትባለው ፊደል ያለ ላይኛው የፊት ጥርስ አትወጣም፤ ሞክሯት። እናቴ በስልክ “ድምፅክ ምን ሆነ?” ስትለኝ “ብርድ ነው እማዬ” እላታለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ብርድ! የመንዝ ሰው በብርድ ሲያመካኝ ማን ያምነዋል?

መኖሪያ ፈቃድ አግኝቼ ዮተቦሪ ከተማ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ያዝኩ። ማታ ማታ የሽማግሌዎቹን ጥርስ የምቦርሸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የዘጠና ዓመት አዛውንት አፍ ውስጥ ከድዳቸው ሥር የብረት አንገት አየሁና ደነገጥኩ። ነርሷ ሳቀችብኝ። “ኢምፕላንት ነው፣ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር፤ እዚሁ እኛ ከተማ ነው የተጀመረው” አለችኝ።

ነገሩን ሳጣራው እውነቷን ነው። ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የደም ዝውውር ሊያጠና ጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መሣሪያ ያስገባል። ጥናቱ አልቆ ሊያወጣው ቢል እምቢ አለው፤ አጥንቱ ብረቱን እንደ ራሱ ቆጥሮ ይዞታል። በ1965 ዮስታ ላርሶን ለሚባል ሰው መንጋጋ ላይ የታይታኒየም ብሎኖች ተከለ። ሰውየው በፈረንጆቹ 2006 እስኪሞት፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ በእነሱ በላ። ይሄን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በማግስቱ ቀጠሮ ያዝኩ።

የጥርስ ሐኪሟ ራጅ አንስታ መጀመሪያ ያሳየችኝ አጥንቴን ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋው አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ እየሳሳ ይሄዳል። የእኔ ለብሎን የሚበቃ ውፍረት ስላልነበረው መጀመሪያ የአጥንት ዱቄት ጨመሩበት፣ ወራት ጠበቅን። ከዚያ ብሎኖቹ ገቡ። ማደንዘዣ ስላለ ሕመሙን አልሰማሁም፤ የሚሰማው መንቀጥቀጡ ነው፣ ግንባርህ ላይ ወፍጮ የተተከለ ይመስልሃል። ቀስ እያሉ፣ ጨዋማ ውሃ እያፈሰሱ ነው የሚበሱት። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ አጥንት ከልክ በላይ ከጋለ ይሞታል፣ የሞተ አጥንት ብሎን አይዝም አለችኝ። ከዚያ እንደገና ወራት ጥበቃ፤ ብሎንና አጥንት እስኪዋሐዱ። ሲጋራ እንዳቆም አስጠነቀቀችኝ፤ ሲጋራና ያልተቆጣጠሩት ስኳር ኢምፕላንት ከሚያከሽፉት ዋነኞቹ ናቸው። አቆምኩ። ለጥርሴ ስል ሳንባዬን አዳንኩ ማለት ነው።

ሂሳቡን ለምትጠይቁኝ፦ እኔ ባሠራሁበት ጊዜ እዚያ አገር በመንግሥት ዋጋ ተመን ከ3,000 ክሮነር በላይ ያለውን ግማሹን፣ ከ15,000 በላይ ያለውን ደግሞ 85 በመቶውን መንግሥት ይሸፍን ነበር። ቀሪው ከኪስ ነው። “አገር ቤት ስሄድ በሦስት ሳምንት አሠርቼ እመለሳለሁ” ለምትሉ ግን አንድ ነገር ልበል። አንድ የማውቀው ልጅ ለዕረፍት በሄደበት አገር አስተክሎ መጣ። ብሎኑ ሲላላ የእኛ ከተማ ሐኪም የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ መለየት አቃተው፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ መፍቻ ይለያያል። የትም አስተክሉ፣ የኢምፕላንቱን ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ካርድ ሳትቀበሉ ከዚያ ቤት አትውጡ።

የመጨረሻው ቀን ላይ፣ ከብሎኑ በላይ የሚቀመጠው ክራውን ሊሠራ ሲል፣ ሐኪሟ የድሮ ፎቶ ጠየቀችኝ። የለኝም፤ ስልኬ ሰሐራ ቀርቷል። “በመካከላቸው ክፍተት ነበር?” አለችኝ። ነበር አልኳት። “ላስቀረው ወይስ ልዝጋው?” ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ የነበረው ማስታወቂያ ላይ የማየው፣ እንደ ነጭ ግንብ የተደረደረው ጥርስ ነው። ዝጊው አልኳት። እንደዚያ ነው የጣልኳት።

እናቴ ይሄን ሁሉ እስክነግራት አልጠበቀችም። ስለ ሊቢያው የነገርኳት ግማሹን ነው፤ ግማሹን ከአፌ አንብባው ነበር። ስትሰማኝ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅም ስታወራም ነጠላዋ ከአፏ አልወረደም። እሷም አፏ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው። ሌሎቹን ያወለቀላት ገበያ ላይ በጉጠት የሚነቅል ሰው ነው። ቆሎ ትታለች፤ ገብሱን ቆልታ አስፈጭታ በሶ ነው የምትበላው።

“አንቺም ይሠራልሽ፣ ገንዘብ አለኝ” ብዬ ይዣት ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ወረድኩ ልበል እንጂ ደብረ ብርሃንም ደጋ ነው። ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነበር፣ “እናቴ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ” እያለ አያት። ስኳሯን ለካ፤ ከፍ ብሏል፣ እኛ አናውቅም ነበር። የታችኛው መንጋጋዋ አጥንት ጠፍጥፏል፤ ተነቃይ ጥርስ ብቻውን እየተንሸራተተ ያስቸግራታል፣ ከሥሩ ሁለት ኢምፕላንት ቢገባ ግን እንደ ቁልፍ ይይዘዋል አለን። ለእሱ መጀመሪያ ስኳሩ መስተካከል አለበት፣ ሥራው አዲስ አበባ ነው፣ ምልልሱ ወራት ይፈጃል።

እናቴ ዝም ብላ ሰማችና፣ “ልጄ፣ ይሄ ብረት ሥር እስኪሰድ ስንቴ ነው ታርማበርን የምወጣው የምወርደው?” አለችው። ሐኪሙ ሳቀ። በግድ አላስገባትም፤ እኔ ግን አኮረፍኩ፣ ሁለት ቀን አላናገርኳትም ማለት ይቻላል። አሁን ሳስበው ያኮረፍኩት በእሷ አልነበረም።

የስኳር መድኃኒት ጀመረች፤ እሱ ነው የጉዞው ትርፍ። ተነቃዩን ጥርስ ታናሽ እህቴ በኋላ አሠራችላት። ለሠርግና ለቅዳሴ ታደርገዋለች፣ ምግብ ሲቀርብ አውልቃ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። እህቴ ትቆጣታለች። እኔ ተውያት እላለሁ።

ዮተቦሪ ስመለስ ሐኪሟ ጋ ሄድኩና ክፍተቴን መልሺልኝ አልኳት። ብሎኖቹ አይነኩም፤ ከላይ ያሉት ክራውኖች ተፈትተው ጠበብ ተደርገው እንደ አዲስ ሊሠሩ ይችላሉ፣ ለውበት ስለሆነ ግን ሙሉ ወጪው የአንተ ነው አለችኝ። ሰባት ዓመት ክፍተት ለመድፈን የሮጠ ሰው ክፍተት ሲገዛ ማየቷ ሳይገርማት አልቀረም። “ስንት ሚሊ ሜትር ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ።

በእህቴ ስልክ ወደ መንዝ ደወልኩ። የእናቴ የድሮ ፎቶ እንዳለ ጠየቅኩ። አንድ አለ፣ አፏን ገጥማ የተነሳችው። ሚሊ ሜትር ምን እንደሆነ ላስረዳት ስሞክር እናቴ አቋረጠችኝ።

“ምነው፣ ክብሪት ትሰካባት አልነበረም? እሷን ውሰድላት።”

ከሱቅ አንድ ፓኮ ክብሪት ገዝቼ ሄድኩ። ሐኪሟ አንዷን እንጨት መዘዘች፣ በመለኪያዋ ያዘቻትና ጻፈች፦ ሁለት ሚሊ ሜትር።